በሕዝብ መናፈሻ ሥር ስለሚያልፍ ቧንቧ፤ በሁለት የአሜሪካ ፍርዶች ላይ የቀረበ ሒስ

የውሃ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የጋዝ መሥመር ወይም የስልክ ገመድ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላው ሲዘረጋ በመካከል ያለውን መሬት ማቋረጡ አይቀርም። ባለመሬቱ ግለሰብ የሆነ እንደ ሆነ፣ ነገሩ ቀላል ነው ባይባልም፣ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ይከራከራል፣ ካሣ ይቀበላል፣ እንቢ ቢል ዳኛ ይመለከተዋል። ነገር ግን መሥመሩ የሚያልፈው በሕዝብ መናፈሻ ወይም በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሲሆን የሚጠየቀው ማን ነው? የሚከራከረውስ? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው። ለምርመራችን የመረጥናቸው በአሜሪካ አገር የተሰጡ ሁለት ፍርዶች ናቸው፤ አንደኛውን በ2001 የኒው ዮርክ ግዛት የበላይ ፍርድ ቤት፣ ሁለተኛውን በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጡት ነው። (ዓመተ ምሕረት ካላልን በቀር ዘመኑን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሁለቱም ከመሬት በታች ስለሚቀበር ነገር የተሰጡ ሆነው ሳለ የተነሡበት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም። በእኛ አስተያየት የ2020ው ፍርድ በቋንቋው የጠራ፣ በጥያቄው ግን የሳተ ነው፤ የ2001ዱ ጥያቄውን አግኝቶታል፣ መልሱን ግን ከግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

አስቀድመን ቃሉን እንወስን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1359 ጀምሮ «የንብረት አገልግሎት» ሲል የሚጠራው፣ ለአንድ መሬት ጥቅም ሲባል በሌላው መሬት ላይ የሚጫነውን ሸክም ነው። ሸክሙን የሚሸከመው መሬት አገልጋይ፣ የሚጠቀመው ተገልጋይ ይሆናል። ነገሩ ከሮማውያን ሕግ የወረደ ቢሆንም ለገበሬያችን እንግዳ አይደለም፤ ወደ ምንጭ የሚወርድ ሰው በጎረቤቱ ማሳ ዳር ማለፉ፣ የመስኖ ቦይ የአንዱን መሬት አቋርጦ ከሌላው መድረሱ፣ ሕግ ሳይጻፍም የኖረ ነው። ልብ ማለት የሚገባን ግን ይህ ሐሳብ የተወለደው በሁለት ጎረቤቶች መካከል መሆኑን ነው። ሁለቱ በየቀኑ ይተያያሉ፤ አንዱ ቢያበዛ ሌላው ይጮኻል። የሸክሙን ልክ የሚጠብቀው ከሕጉ ይልቅ ይህ መተያየት ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም።

ዛሬ አንድ ኩባንያ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በመናፈሻ ውስጥ የሚጠይቀው የመተላለፊያ መብት በካርታ ላይ ሲታይ ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው ቀጭን መሥመር ነው። ከመሥመሩ ጋር የሚመጣውን ግን እንቍጠር። ቧንቧ በተቀበረበት ላይ ሥሩ የሚጠልቅ ዛፍ አይተከልም፤ ስለዚህ ደኑ ለሁለት ተከፍሎ መካከሉ መላጣ ሆኖ ይኖራል። በከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ዛፉ በየጊዜው ይመለመላል ወይም ይቈረጣል። ከዚያ የመቈጣጠሪያ ጕድጓድ፣ የአየር ማስወጫ፣ የመኪና መግቢያ መንገድ፣ አጥርም ይከተላሉ። ጥገና ባስፈለገ ጊዜ ሠራተኛው ገብቶ የመቈፈር መብት አለው፤ በተቈፈረበት ወራት ልጆች የሚጫወቱበት ሣር የአፈር ክምር ነው። ቧንቧው ላዩ ሳይቈፈር በአግድም ተሰርስሮ ቢያልፍ እንኳ፣ መሰርሰሪያውን የሚያለሰልሰው የሸክላ ጭቃ በድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ወደ ላይ ወይም ወደ ጅረት ሊወጣ ይችላል። ከሁሉም የሚከብደው ዘመኑ ነው። መብቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለዘለቄታው ነው፤ የፈረመው ሹም ከወንበሩ ሲነሣ መብቱ አብሮት አይነሣም። ሁለተኛው ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ «መሬቱ እኮ ቀድሞውንም ተቈፍሯል» ለማለት ይመቸዋል። ጎረቤት ቢኖር ይጮኽ ነበር። መናፈሻ ግን አይጮኽም፤ የሚጮኽለት ሰውም ቅዳሜና እሑድ መጥቶ የሚሄድ መንገደኛ ነው።

አሁን ወደ 2020ው ጉዳይ እንምጣ። ከዌስት ቨርጂኒያ ተነሥቶ በቨርጂኒያ በኩል ወደ ኖርዝ ካሮላይና የሚወርድ፣ ወደ 600 ማይል የሚረዝም የተፈጥሮ ጋዝ ቧንቧ ሊዘረጋ ታስቦ ነበር። ይህ የአትላንቲክ ዳርቻ ቧንቧ የተባለው መሥመር የጆርጅ ዋሽንግተንን ብሔራዊ ደን ሲያቋርጥ በአፓላቺያን የእግር መንገድ ሥር፣ 600 ጫማ ያህል ጠልቆ፣ እንዲያልፍ ተነደፈ። የእግር መንገዱ ከጆርጂያ እስከ ሜይን በ14 ግዛቶች ውስጥ ከ2,100 ማይል በላይ የሚጓዝ፣ በ1968 በወጣው የብሔራዊ የእግር መንገዶች ሕግ የተከለለ የሕዝብ ሀብት ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ ለኩባንያው ፈቃድ ሰጠ። ተቃዋሚዎቹም ተነሥተው እንዲህ ሲሉ ተከራከሩ፤ በ1920 የወጣው የማዕድን ኪራይ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ለቧንቧ መተላለፊያ እንዲሰጡ ሲያሠለጥን፣ በብሔራዊ ፓርክ ሥርዓት ውስጥ ያሉትን መሬቶች ለይቶ አውጥቷል፤ የእግር መንገዱን የሚያስተዳድረው ደግሞ የብሔራዊ ፓርክ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስለዚህ በዚያ ሥር መተላለፊያ ሊፈቅድ የሚችለው የሕግ መወሰኛውና የሕዝብ እንደራሴው ምክር ቤት እንጂ የደን መሥሪያ ቤቱ አይደለም። በ2018 የይግባኙ ፍርድ ቤት ይህን ተቀብሎ ፈቃዱን ሻረ። ጁን 15 ቀን 2020 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ7 ዳኞች ድምፅ በ2 ላይ ያንን ገለበጠ።

የብዙኃኑን ሐሳብ የጻፉት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። አካሄዳቸው አጭርና ግልጽ ነው። የደን መሥሪያ ቤቱ ለፓርክ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው የመተላለፊያ መብት ብቻ ነው፤ የመተላለፊያ መብት ደግሞ መሬት አይደለም። አንድ ሰው ለጎረቤቱ በመሬቱ በኩል የፈረስ መንገድ ቢፈቅድለት መሬቱን ሰጠው አይባልም። እንግዲህ መንገዱ በፓርክ መሥሪያ ቤቱ ቢተዳደርም ከሥሩ ያለው መሬት የደን መሥሪያ ቤቱ እንደ ሆነ ይቀራል፤ የደን መሥሪያ ቤቱም በገዛ መሬቱ ላይ ለቧንቧ ፈቃድ መስጠት ይችላል። የልዩነት ሐሳባቸውን የጻፉት ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር ናቸው፤ ዳኛ ኤሌና ኬገንም ተባብረዋቸዋል። እሳቸው የሚሉት የእግር መንገዱ ራሱ የፓርኩ ሥርዓት ክፍል ስለ ሆነ ከተዘረጋበት መሬት ሊነጠል አይችልም ነው። እኛም በዚህ በኩል ከእሳቸው ጋር ነን፤ መንገደኛው በዚያ ተራራ ላይ ሲሄድ የሚረግጠው መሬት ነው፣ መብት ረግጦ የሚያውቅ እግር የለም።

የብዙኃኑ ሙግት ላይ ላዩን ሲታይ ምንም የማይወጣለት ይመስላል። ይሁን እንጂ የፈረስ መንገዱ ምሳሌ የተወሰደው ከሁለት ግለሰቦች ነው። በዚህ ጉዳይ ደን መሥሪያ ቤት የተባለውም ፓርክ መሥሪያ ቤት የተባለውም የአንድ መንግሥት ሁለት እጆች ናቸው። ማንም ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ የአገልግሎት መብት ሊኖረው አይችልም የሚለው መርሕ ደግሞ ከዚያው ከሮማውያን ሕግ የመጣ ነው። ፍርዱ ይህን ሳያነሣው አላለፈም፤ መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ሲሰጣጡም ያው ደንብ ይሠራል ይላል። ይህን ሲል ግን የጎረቤቶችን ሕግ ጎረቤት በሌለበት አገባው፤ ካገባውም በኋላ አንዱን መተላለፊያ ለማሳነስ፣ ሌላውን መተላለፊያ ለማሳለፍ ተጠቀመበት። የሕዝቡ መንገድ «መተላለፊያ ብቻ» ስለ ሆነ ቀለለ፤ የኩባንያው ቧንቧም «መተላለፊያ ብቻ» ስለ ሆነ ጉዳት የሌለው ተባለ። አንድ ቃል በአንድ ፍርድ ውስጥ ለሁለት ወገን ሲያገለግል፣ ለሁለቱም ግን እኩል ሳያገለግል ማየት ለሕግ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው።

ለኩባንያው ወገን የሚቆመውን ክርክር አቃልለን ልናልፈው አንፈልግም። ቧንቧው 600 ጫማ ጠልቆ ያልፋል፤ መሰርሰሪያው የሚገባበትና የሚወጣበት ስፍራ ከመንገዱ የራቀ ነው፤ በመንገዱ ላይ አንዲት ዛፍ አትቈረጥም፤ መንገደኛው ቧንቧ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ደግሞም የእግር መንገዱ ሁሉ የፓርክ መሬት ነው ከተባለ ከደቡብ እስከ ሰሜን እንደ ግንብ ተገትሮ ለምሥራቁ ዳርቻ የሚሄደውን ኃይል ሁሉ ያግዳል ተብሏል። ይህ ክብደት ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉም ስለ ጉዳት ልክ የሚናገሩ ናቸው እንጂ ስለ ሥልጣን አይደሉም። ጉዳቱ ትንሽ ከሆነ ምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ «ትንሽ ነው» ማለት ይቻላል። የ1920ው ሕግ በፓርክ መሬት ላይ ቧንቧ ፈጽሞ አይለፍ አላለም፤ ያለው በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ አይወሰን፣ በአደባባይ ይወሰን ነው። ግንቡ በር ነበረው ማለት ነው። ፍርዱ በሩን ከአደባባዩ አንሥቶ ወደ ጓሮ አዞረው። ስለዚህ ነው «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የሳተ ነው የምንለው፤ የልዩነት ሐሳቡም ቢሆን መልሱን ለወጠ እንጂ ከዚህ ጥያቄ አልወጣም።

ነገሩ ያልተጠበቀ ፍጻሜ ነበረው። ፍርዱ በተሰጠ በ20 ቀን፣ ጁላይ 5 ቀን 2020፣ ዶሚኒየንና ዲዩክ የተባሉት ሁለቱ ኩባንያዎች ዋጋው ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ማለቱንና ሌሎች ክርክሮች አለማለቃቸውን ምክንያት አድርገው ቧንቧውን ተዉት። ቧንቧው ቀረ፤ ፍርዱ ግን አለ፣ ለሚመጣውም ጠያቂ ይጠቀሳል።

የኒው ዮርኩ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው በመጀመሪያ ነገር በሚያስፈልገው ነገር ነው። ጋዝ ሳይሆን የመጠጥ ውሃ ነው። ከተማው ከክሮተን ወንዝ የሚያገኘው ውሃ እንዲጣራ የፌዴራሉ ሕግ ስላስገደደ፣ በ1998 አስተዳደሩ በብሮንክስ ባለው በቫን ኮርትላንት መናፈሻ፣ በሞሾሉ የጎልፍ ሜዳ ሥር፣ ታላቅ የማጣሪያ ጣቢያ ለመቅበር መረጠ። ውሃ የሚያስፈልገው ሕዝብና መናፈሻው የተመደበለት ሕዝብ አንድ ናቸው፤ መሬቱ ከከተማው እጅ አይወጣም፤ ሥራው ሲያልቅ ሣሩ ይመለሳል። እንዲያውም ሜዳው የጎልፍ መጫወቻ ስለ ነበረ ለጥቂት ኳስ መቺዎች ሲባል የብዙዎች ውሃ ይታገዳልን ብሎ መጠየቅ ቀላል ነበር። ከዚህ የተሻለ የከተማ ሙግት አናውቅም።

ፍርድ ቤቱ ግን፣ ዋና ዳኛዋ ጁዲት ኬይ በጻፉት ሐሳብ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። መሬቱ የማን እንደ ሆነ የሚያከራክር አልነበረም። ጥያቄው ለመናፈሻ የተመደበ መሬት ለሌላ ሥራ ሲውል የሚፈቅደው ማን ነው የሚል ሆነ። መልሱም የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በግልጽ ካልፈቀደ አይሆንም ነው። ሥራው ሕዝቡን ከ5 ዓመት በላይ ከመናፈሻው ክፍል የሚያግድ ነው፤ መሬቱ አለመሸጡ፣ ላዩ መመለሱ፣ ጣቢያው ከታች መሆኑ ይህን አይለውጠውም። ይህ አስተያየት ድንገት የመጣ አይደለም። በ1920 ያው ፍርድ ቤት በሴንትራል ፓርክ ያለውን የአርሰናል ሕንጻ ከተማው ለአንድ የደኅንነት ተቋም ማከራየቱን ሲሽር፣ ዓላማው የቱንም ያህል በጎ ቢሆን ከመናፈሻ ዓላማ ውጭ ከሆነ አይበቃም ብሎ ነበር። ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው አሳብ የአደራ ነው። ከተማው መናፈሻውን የያዘው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ አደራ ተቀባይ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ባይሸጠው እንኳ አደራ ሰጪውን ሳይጠይቅ ቢገለገልበት በአገራችን ምን ተብሎ እንደሚጠራ አንባቢ ያውቃል።

ሆኖም ይህን ፍርድ ስናመሰግን በሁለት ነጥብ ቅር ይለናል። አንደኛ፣ መለኪያው የመናፈሻው መነካት ከፍ ያለ መሆኑ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ማንም ያያል። አንድ የስልክ ገመድስ? አንድ የፍሳሽ ቦይስ? መናፈሻን የሚበሉት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከልኩ በታች ሆነው ያልፋሉ፣ ሲደመሩ ግን የሚደምራቸው ፍርድ ቤት የለም። ሁለተኛ፣ አደባባዩ ከተከፈተ በኋላ የሆነውን ማየት ያስፈልጋል። ከተማው ወደ ምክር ቤቱ ሄደ፤ በ2003 ፈቃዱን አገኘ፤ በምላሹም በብሮንክስ ላሉት መናፈሻዎች ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊያወጣ ቃል ገባ። ጣቢያው ተሠርቶ በ2015 ሥራ ጀመረ፤ ወጪውም ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ዛሬ በጣሪያው ላይ ሣር በቅሎ ጎልፍ ይመቱበታል። ይህን አይተው «ታዲያ ፍርዱ ምን ጠቀመ? ያው ተሠራ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። እኛ እንዲህ አንልም፤ ያለ ፍርዱ ያ ገንዘብ ለብሮንክስ መናፈሻዎች አይታሰብም ነበር። ነገር ግን ፈቃድ በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፣ ገንዘብ ያለው ጠያቂ ሁልጊዜ እንደሚያገኘው መካድ አይቻልም። ፍርድ ቤቱ ማን እንደሚፈቅድ ነገረን፤ ፈቃጁ በምን ሚዛን መመዘን እንዳለበት አልነገረንም።

ለእኛ አገር አንባቢ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም። እንዲያውም የ2020ውን መለኪያ ወደ አገራችን ብናመጣው ፈጽሞ አይሠራም። በ1967 ዓ.ም. ከወጣው የመሬት ዐዋጅ ወዲህ፣ በኋላም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። «መሬቱ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ለፓርኩም፣ ለደኑም፣ ለመንገዱም፣ ለመኖሪያ ግቢውም መልሱ ያው አንድ ይሆናል። ሁሉን በእኩል የሚመልስ ጥያቄ ደግሞ ምንም አይለይም። የተረፈን የኒው ዮርኩ ዓይነት ጥያቄ ነው፤ መሬቱ ለምን ተመደበ? ምደባውን ሊለውጥ የሚችለውስ ማን ነው?

ለዚህ የሚረዳ ነገር በገዛ ሕጋችን ውስጥ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1444 ጀምሮ ስለ መንግሥት ሀብት ሲናገር፣ በቀጥታ ለሕዝብ መገልገያ የተተወውን ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበውን ከሌላው የመንግሥት ንብረት ይለያል፤ በቁጥር 1454 እንዲህ ያለው ሀብት ከሕዝብ ሀብትነት መውጣቱ ካልታወጀ በቀር ለሌላ ሊተላለፍ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉን ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ ፈረንሳዊ ስለ ነበሩ የፈረንሳይን አካሄድ መመልከት ተገቢ ነው። በዚያ አገር በሕዝብ ሀብት ላይ በውል የንብረት አገልግሎት ሊቋቋም አይችልም የሚለው አስተያየት ረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሯል፤ በ2006 ሥራ ላይ የዋለው የመንግሥታዊ አካላት ንብረት ሕግ ግን አገልግሎቱ መሬቱ ከተመደበበት ዓላማ ጋር የሚስማማ እስከ ሆነ ድረስ ፈቅዷል። ኒው ዮርክ የጐደላት ሚዛን ይህ ይመስለናል። ፈቃጁ የሚጠይቀው «ስንት ይከፈላል?» ሳይሆን «ቧንቧው ካለፈ በኋላ ይህ ስፍራ የተመደበለትን ሥራ ይሠራልን?» ይሆናል።

የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ እናስብ። በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ ታወጀ። በዚያን ጊዜ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የባቡር ሐዲድ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ በስፍራው ነበረ፤ ወደ ምሥራቅ የሚወስደውም የመኪና መንገድ ፓርኩን ያቋርጣል። ሳላና ድኩላ ከሚግጡበት ሜዳ አጠገብ ከባድ መኪና ሲያልፍ ያላየ መንገደኛ የለም። ሐዲዱና መንገዱ የአገር ደም ሥር ስለ ሆኑ ማንም አላነሣቸውም፤ እኛም ይነሡ አንልም። ነገር ግን ከሐዲዱ ይልቅ የቈየ ሌላ መተላለፊያ በዚያ ነበር፤ የከረዩ ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ወደ አዋሽ ውሃ የሚያወርዱበት መንገድ ነው። ፓርኩ ሲከለል ሐዲዱ መብቱን ይዞ ቀረ፣ የመንጋው መንገድ ግን ክልክል ሆነ። በሕጋችን የንብረት አገልግሎት ከሚባለው ሁሉ ለጥንቱ ትርጉም የሚቀርበው፣ ለምንጭ የሚወርድ ሰው በጎረቤት ማሳ ማለፉ፣ ይኸው የመንጋው መንገድ ነበር። ወረቀት ስላልነበረው አልተቈጠረም።

የቀረው ጥያቄ የቁጥር 1454 ቃል የንብረት አገልግሎት መስጠትንም ይጨምራል ወይስ ሽያጭንና ስጦታን ብቻ ይመለከታል የሚለው ነው። እኛ እንዲህ እናነበዋለን፤ ለፓርኩ ለራሱ መብራትና ውሃ የሚገባ መሥመር ማስተላለፍ አይደለም፤ ፓርኩን አቋርጦ ለሌላ ስፍራ የሚሄድና ከመሬቱ አንዳች ክፍል የተመደበበትን ሥራ ለዘለቄታው የሚያስተው መሥመር ግን ማስተላለፍ ነው፤ ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳይሆን በዐዋጅ ብቻ ሊፈቀድ ይገባል። ጠባብ ንባብ የሚመርጡ የሕግ መምህራንና ጓደኞቻችን እንዳሉ እናውቃለን። እነርሱ በዚህ ቡለቲን መልሳቸውን ሲጽፉልን፣ ስንት ቀጭን መሥመር ሲደመር አንድ ፓርክ እንደ ተላለፈ እንደሚቈጠር አብረው እንዲገልጹልን እንለምናለን።